ባለቤቴ ከመስክ ለመጨረሻ ጊዜ ሲመለስ

ባለቤቴ ሐምሌ 2011 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጣ ከተጋባን 33 ዓመት ሆኖን ነበር። በአንድ ጣሪያ ሥር ያደርንባቸው ሌሊቶች ቢቆጠሩ ግን የዚያን ግማሽ የሚሞሉ አይመስለኝም። ቀያሽ ነበር። መንገድ ሊወጣበት የታሰበ አገር ሁሉ ከዶዘሩ በፊት የሚገባው ቀያሽ ነው፤ ቴዎዶላይት የሚባለውን የማዕዘን መለኪያ መሣሪያ፣ የመለኪያ ዘንጉንና ድንኳኑን አስጭኖ ይወጣል፤ ሃያ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ወር ከርሞ ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ ይመለሳል። አራት ቀን ያርፋል፤ ልብሱ ይታጠባል፤ ዶሮ ይሠራለታል፤ ተመልሶ ይሄዳል። እኔ ሐዋሳ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበርኩ። ሦስት ልጆች ያሳደግኩት፣ ቤት ያሠራሁት፣ ዕቁብ የጣልኩት፣ ለቅሶ የደረስኩት አብዛኛውን ብቻዬን ነው። ወቀሳ አይደለም፤ እንጀራው እንዲያ ነበር።

ጡረታው አንድ ዓመት ሲቀረው ጀምሮ ብዙ ተነጋግረናል። ስለ ሽኝቱ፣ ስለ ማኅደሩ፣ የአገልግሎት ዘመኑ በትክክል መመዝገቡን ስለ ማጣራት አወራን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ማን የት እንደሚቀመጥ ግን አንድም ቀን አላነሣንም። ዛሬ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ የማውቃቸው ባልና ሚስቶችም የሚጨነቁት ስለ ወረቀቱ ነው። ወረቀቱ ያልቃል። ከወረቀቱ በኋላ ስለሚመጣው የነገረኝ ሰው ስላልነበረ የእኛን ቤት ልናገር።

ከገንዘቡ ልጀምር፤ ብዙው ጠብ የወጣው ከዚያ ነውና። የጡረታ አበል የሚሰላው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዝ አማካይ ተይዞ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ባለቤቴ 34 ዓመት አገልግሏል፤ ስለዚህ 60 በመቶ። ይህን አስቀድመን አስልተን «አርባውን በመቶ ቀበቶ ጠበቅ አድርገን እንችለዋለን» ተባብለን ነበር። ያላሰላነው የውሎ አበሉን ነው። ጡረታ የሚታሰበው ከመደበኛው ደመወዝ ብቻ ነው፤ ቤታችንን ያቆመው ግን ከመስክ የሚመጣው የውሎ አበል ነበር። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቆርቆሮው፣ የሲሚንቶው፣ የበዓል በጉ ሁሉ ከዚያ ወጥቷል። በመጀመሪያው ወር ከባንክ ያወጣውን ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሁለት ጊዜ ቆጠረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ትልቅ ገቢ የእኔ የመምህርነት ደመወዝ ሆነ። አንዳችንም ይህን በአፋችን አልተናገርነውም። ጡረታው አንድ ዓመት የቀረው ቤት ሁሉ ቢያንስ ለሦስት ወር ያለ ውሎ አበል፣ ያለ ትርፍ ሰዓት፣ በጡረታው ልክ ብቻ ኖሮ ቢያየው እመክራለሁ። ጉድለቱን ደመወዙ ሳይቋረጥ ማየትና ከተቋረጠ በኋላ ማየት አንድ አይደለም።

ክረምቱ ጥሩ አለፈ። ትምህርት ቤት ዝግ ስለ ነበር ሁለታችንም ቤት ነበርን። ጠዋት ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ዳር እንሄዳለን፤ አንዳንድ ቀን አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ ገዝተን እንመለሳለን። እንደ ድሮው የአራት ቀን ዕረፍት ነበር፤ የመሄጃው ቀን ብቻ አልመጣም። የመስክ ቦርሳው በሩ አጠገብ፣ ሁልጊዜ በሚቀመጥበት ቦታ ተቀምጧል። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ይነሣል፤ ይላጫል፤ ጫማውን ያስራል፤ ከዚያ ሳሎን ይቀመጣል።

መስከረም ላይ እኔ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ፤ እርሱ ከቤት ሠራተኛችን ጋር ቤት ቀረ። ያኔ ነው ነገሩ የተበላሸው። በመጀመሪያው ሳምንት የማጀቱን መደርደሪያ ከግድግዳው ነቅሎ «ለእጅ በሚቀርብ ከፍታ» መልሶ ሰቀለው። በሁለተኛው ሳምንት የወጪ መዝገብ ጀመረ፤ ቀድሞ የቅየሳ ቁጥር በሚጽፍበት ደብተር ላይ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ከሰል፣ ሳሙና ይመዘግባል። ከትምህርት ቤት ደክሞኝ ስገባ «በሳምንት ሦስት ኪሎ ሽንኩርት የት ይገባል?» ይለኛል። ስለ ሽንኩርት የተጣላን ይመስለኝ ነበር። ቆይቶ ሳስበው ጥያቄው ስለ ውሎ አበሉ ነበር፤ ማምጣት ያቆመ ሰው መጠበቅ ይጀምራል። ያኔ ገብቶኝ ቢሆን ኖሮ አብሬው ተቀምጬ ደብተሩን አነብለት ነበር። እኔ ግን «ሠላሳ ሦስት ዓመት ሳትጠይቀኝ በልተህ አሁን ትጠይቀኛለህ?» አልኩት። ይህን ቃል ስናገር ልጆቼ አለመስማታቸው ብቻ ነው የሚያጽናናኝ።

የቤት ሠራተኛችን በሦስተኛው ወር ሄደች። ጎበዝ ልጅ ነበረች፤ ማታ ትማራለች። ለመሄድ ስትሰናዳ ምክንያቱን ጠየቅኳት። «እትዬ፣ ጋሼ ምንም ክፉ አልተናገሩኝም፤ ግን ቀኑን ሙሉ ቆመው ያዩኛል» አለችኝ። እውነቷን ነበር። በመስክ ሥራው ሰው ሲሠራ ቆሞ መከታተል ነበር፤ ሌላ የሚያደርገውን ስላላወቀ እርስዋንም ቆሞ ተከታተላት። ጡረታ በአንድ ቤት ሲገባ የሠራተኛዋም ኑሮ ይለወጣል፤ ማንም ግን እርስዋን አያማክርም። እኛም አላማከርናትም።

ከዚያ በኋላ ቡና አጣጪዎቼ ቀሩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ አምስት ሆነን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥተን የሆዳችንን ተነጋግረን የምንለያይ ጎረቤታሞች ነበርን። አሁን ሳሎኑ ውስጥ ወንድ አለ። ተነሥቶ «ግቡ፣ ግቡ» ይላቸዋል፤ ወንበር ይለቅላቸዋል፤ እነርሱም ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ስለ አየር ጠባይና ስለ ኑሮ ውድነት ሁለት ቃል ተናግረው፣ አቦሉን ጠጥተው ይሄዳሉ። በጥር ወር ቡናው ወደ ሌላ ቤት ዞረ። እኔን በጣም የጎዳኝ ይህ ነበር። ባሌን እወደዋለሁ፤ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ እርሱ በሌለበት ያቆመኝ የእነዚያ ሴቶች ወሬ ነው። ይህን ለባል መንገር ያስፈራል፤ «አንተ ስትመጣ አንድ ነገር አጣሁ» ማለት ነውና። እኔ አልነገርኩትም፤ አኮረፍኩ። ኩርፊያ ደግሞ ምን እንደ ጎደለ አይናገርም።

መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ ተባለና ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ሠራተኛ የለችም፤ ልጆቹ ሁለቱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ውጭ አገር ናቸው፤ በር ተዘግቶ ሁለታችን ብቻ ቀረን። በሚያዝያ እኔ ታመምኩ። ጉንፋንም ይሁን ሌላ፣ ለአምስት ቀን ትኩሳት ይዞኝ ተኛሁ። በሁለተኛው ቀን የሽሮ ሽታ ወደ መኝታ ቤት መጣ። ጎረቤት ያመጣችልን መስሎኝ ነበር። እርሱ ትሪውን ይዞ ገባ። ሽሮው በደንብ ተንተክትኮ ዘይቱ ከላይ ወጥቷል፤ ሽንኩርቱ ሳያር ቁሌቱ በስሏል፤ ነጭ ሽንኩርቱ ልኩን ነው። ቀምሼ ቀና ብዬ አየሁት።

«ማን አስተማረህ?» አልኩት።

«ዳውሮ በነበርንበት ጊዜ ተራ ነበረን። ሾፌሩም፣ ዘንግ ያዡም፣ እኔም በቡታጋዝ እናበስል ነበር።»

«እስከ ዛሬ ምነው ሳትነግረኝ?»

«እዚህ ቤት እንግዳ ነበርኩ» አለኝ። «እንግዳ ማጀት አይገባም።»

ያንን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በቦረና፣ በባሌ፣ በጂንካ ድንኳን ውስጥ ለሰው ሲያበስል የኖረ ሰው በገዛ ቤቱ አንድ ድስት ጥዶ አያውቅም። እኔ ደግሞ ዶሮ ሠርቼ፣ ውኃ አሙቄ፣ ልብሱን ተኩሼ የምቀበለው በፍቅር ነበር፤ ለእንግዳ የሚደረገውንም ሁሉ እያደረግኩለት ነበር። እኔ ቀያሽ ድንኳን ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ጠይቄው አላውቅም። እርሱም ትምህርት ቤት ውዬ ስመለስ ቤቱ እንዴት እንደሚቆም አልጠየቀኝም። ለእኔ ጡረታው የጀመረው በዚያ ሽሮ ነው እላለሁ።

ከዳንኩ በኋላ ሥራ ተከፋፈልን። እዚህ ላይ የተማርነውን አንድ ነገር በደንብ ልናገር። በመጀመሪያ «ላግዝሽ» ብሎ ጀመረ። «ላግዝሽ» የሚለው ሰው ሽንኩርቱን ይልጣል፤ ሽንኩርት ማለቁን የምታስበው ግን አንቺው ነሽ። ምሳ ምን ይሁን፣ ዘይት አለ ወይ፣ ዕቃው መቼ ይታጠብ የሚለው ሐሳብ ሁሉ አንቺ ላይ ይቀራል፤ በዚያ ላይ እርሱን ማዘዝ ይጨመርልሻል። ስለዚህ እገዛውን ትተን ሥራውን ከነሐሳቡ ሰጠሁት። ምሳ የእርሱ ሆነ፤ ከገበያው ጀምሮ ድስቱ ታጥቦ እስኪደፋ ድረስ። ምን እንደሚሠራ አልጠይቅም፤ ያቀረበውን እበላለሁ። እራትና እንጀራ የእኔ ሆኑ፤ ሊጥ ማቡካትም፣ አብሲት መጣልም፣ ምጣዱም። ልብስ በየራሳችን።

ገበያው ሰው አደረገው ብል አላጋነንኩም። ሽንኩርቱ ከመቂና ከዝዋይ የሚመጣበትን መንገድ እያንዳንዱን መታጠፊያ ያውቀዋል፤ ዝናብ የቱ ጋ መንገዱን እንደሚቆርጠው ከነጋዴዎቹ ጋር ያወራል፤ ዋጋው የሚጨምርበትን ሳምንት አስቀድሞ ይነግረኛል። ያ የወጪ ደብተር ሳይቀር ጠቃሚ ሆነ፤ እርሱ የሚያወጣውን እርሱ ይመዘግባል፤ በወሩ መጨረሻ አብረን እንደምራለን።

ስለ ቡናውም በመጨረሻ ተናገርኩ። ፈርቼ ስለ ነበር ድምፄ ተንቀጠቀጠ። እርሱ ግን ዝም ብሎ ሰማኝና «ቅዳሜ እኔ ሐይቅ ዳር እሆናለሁ፤ እስከ አሥራ ሁለት አልመለስም» አለ። ይህን ያህል ነበር። አምስት ወር ያኮረፍኩበት ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ። የኮሮናው ነገር ቀለል ሲል ሴቶቹ ተመለሱ። እርሱም ሐይቅ ዳር ከሌሎች ጡረተኞች ጋር ተዋወቀ፤ በዓመቱ የእድራችን ጸሐፊ አድርገው መረጡት።

አስቸጋሪው ሌላ ነበር፤ የእኔው እጅ። እርሱ ያጠበውን ብርጭቆ ሳያየኝ ደግሜ አጥባለሁ። የቀቀለው ምስር ላይ ጨው እጨምራለሁ። እንግዳ ሲመጣ ማማሰያውን ከእጁ ቀምቼ «ሂድ ተጫወት» እለዋለሁ፤ ባሌን ማጀት ውስጥ እንዳያዩት። «ምሳ የአንተ ነው» ብዬ ሰጥቼው በጀርባ እነጥቀው ነበር ማለት ነው። ይህን ጉድለቴን ያሳየችኝ የባለቤቴ እህት ናት። በ2013 የገና ሰሞን ልትጠይቀን መጥታ ወንድሟ ሽንኩርት ሲከትፍ ስታየው እንባዋ መጣ። «ወንድሜን ማጀት አስገባሽው» አለችኝ። አፌ ላይ የመጣው ማስተባበያ ነበር፤ «ዛሬ ብቻ ነው፤ እኔ ስላመመኝ ነው» ልል። እርሱ ቢላዋውን ሳያስቀምጥ «እህቴ፣ ምሳ በዚህ ቤት የእኔ ሥራ ነው። ይልቅ ወጡ እንዳያርብኝ ተቀመጪና እየሠራሁ እናውራ» አላት። እኔ በእርሱ ያፈርኩትን ያህል እርሱ በራሱ አላፈረም።

የእኛ ትውልድ ይህን ከየት እንደ ተማረው አውቃለሁ። የተጋባነው በ1978 ነው፤ በዚያ ጊዜ የሚሠራበት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርገው ነበር። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በቤተሰብ አስተዳደር እኩል መብት አላቸው ይላል። እኔ ይህንን ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬዋለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ማማሰያውን ከባሌ እጅ የምቀማው እኔው ነበርኩ።

ሐምሌ 2016 እኔም 60 ዓመት ሞላኝና ጡረታ ወጣሁ። 39 ዓመት ስላስተማርኩ 66.25 በመቶ ደረሰኝ። ተዘጋጅቻለሁ ብዬ ነበር፤ የእርሱን አይቻለሁና። በመጀመሪያው ሳምንት ማጀት ገብቼ የበርበሬውን ቆርቆሮ ቦታ ቀየርኩ። እርሱ በአምስት ዓመት ውስጥ ሁሉን በሥርዓት አስቀምጦ በእጅ ጽሑፉ ስም ለጥፎበታል፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ምስር ክክ። እኔ «ይህማ እንዲህ አይቀመጥም» እያልኩ አወጣሁት። በሁለተኛው ሳምንት ምሳውን ቀድሜው ጣድኩ። «ብዙ ደክመሃል፤ አሁን እኔ አለሁ» አልኩት፤ ከልቤ ነበር። እርሱ ምንም አልተናገረም። ወንበሩን ይዞ ወጥቶ በሩ ላይ ተቀመጠ።

በማግሥቱም ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን በመስኮት ሳየው ያ የ2012 መስከረም ሰው ነበር፤ ጫማውን አስሮ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ መንገዱን እያየ። ክው አልኩ። እርሱ ያኔ በእኔ ቤት ያደረገውን እኔ አሁን በእርሱ ማጀት እያደረግኩ ነበር። የኔ መንገድ ደግሞ የባሰ ነው፤ እርሱ ጠይቆ ነበር፣ እኔ ግን በደግነት ስም ቀማሁት። ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩና «ምሳውን መልሺልኝ ብትለኝ ምን ነበረበት?» አልኩት። «ቤቱ ያንቺ ነው ብዬ ነው» አለኝ። ከአምስት ዓመት በኋላም እንግድነቱ ከውስጡ አልወጣም ነበር። ያን ቀን ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ወደ ነበሩበት መለስኩ፤ ስማቸው ተለጥፎ ስለ ነበር አልተሳሳትኩም።

ታዲያ እኔ ምን ልሥራ? የሴት ጡረታ የሚረሳው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሁሉ «ሴት ቤት አላት፤ ሥራ አታጣም» ይላል። እኔ ግን የጎደለኝ ማጀት አልነበረም፤ የጎደለኝ ክፍሌ ነው፤ ጠመኔው፣ የልጆቹ ጩኸት፣ «ቲቸር» የሚለው ድምፅ። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ልጆች በረንዳችን ላይ መጥተው ያነባሉ። ገንዘብ አልቀበልም፤ ወላጆቻቸው አልፎ አልፎ ፍሬ ወይም ቡና ይልካሉ። በዚያ ሰዓት እርሱ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑን ዝቅ ያደርግልኛል።

አንድ የወረቀት ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ብዙ ሰው ስለሚዘነጋው። የተጋባነው በሽማግሌ፣ በባሕላዊ ሥርዓት ነው፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀት አልነበረንም። ከሁለት አንዳችን ብንሞት ለቀሪው የሟቹ ጡረታ 50 በመቶ ይደርሰዋል፤ ይህን ለመጠየቅ ግን ባልና ሚስት መሆንን ማስረዳት ያስፈልጋል። በአጠገባችን ያለች አንዲት ጎረቤት ባሏ ሞቶ ለቅሶው ሳይወጣ ምስክር ፍለጋ ስትንከራተት አይቼ ነው የነቃሁት። እኛ ሁለታችንም በሕይወት ሳለን፣ ሽማግሌዎቻችንም በሕይወት ሳሉ ቀበሌ ሄደን ጋብቻችንን አስመዘገብን። መዝገቡ ላይ ስንፈርም የመዘገበችን ልጅ «እንኳን ደስ አላችሁ» አለችን፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ አብረን የኖርን መሆናችንን ከቀኑ ላይ እያየች። ባለቤቴ ያን ቀን ለምሳ ዶሮ ሠራ። ለማንም እንግዳ አልነበረም፤ ለእኛ ለሁለታችን።

ያልተስማማንበት ነገር ዛሬም አለ። እርሱ አሁንም ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ይነሣል፤ ሬዲዮ ይከፍታል። እኔ 39 ዓመት በደወል ተነሥቼ የኖርኩ ነኝ፤ አሁን እስከ አንድ ሰዓት መተኛት እፈልጋለሁ። የልጆቹን ክፍል ለሬዲዮው ልልቀቅ ብዬ ነበር፤ «እዚያ ብቻዬን ምን እሰማለሁ?» አለኝ። ልጃችን የጆሮ ማዳመጫ እልካለሁ ብላለች። እስኪመጣ ድረስ ድምፁን ቀንሶ ጆሮው ሥር ያደርገዋል፤ እኔም ዜናውን ግማሹን በእንቅልፍ ልቤ እሰማዋለሁ።